ከአምስቱ ትናንሽ ውሾች የትኛው ለቤትዎ? ቺዋዋ፣ ዮርኪ፣ ማልቲዝ፣ ፖሜራኒያን እና ሺ ትዙ ሲነጻጸሩ

ትንሽ ውሻ ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ከፎቶ ነው። ነጭ ካማረው ማልቲዝ፣ ፊቱ ሾጠጥ ያለና ፀጉሩ የተነፋፋ ካማረው ፖሜራኒያን፣ ከሁሉ ትንሹን ከፈለገ ቺዋዋ ይላል። መልክ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። አምስቱም ያምራሉ፤ አምስቱም ከሰው እግር ሥር አይጠፉም፤ አምስቱም በር ሲንኳኳ ይጮኻሉ። የሚለያዩት በየቀኑ በሚጠይቁት ሥራና ሲታመሙ በሚታመሙበት ቦታ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን በእነዚህ በሁለቱ ላይ አድርገነዋል።

መጀመሪያ፦ ውሻው የት ያድራል?

በአገራችን ውሻ የግቢ ነው። ሌባ ይጠብቃል፣ የተረፈ ይበላል፣ ሲዘንብ አንድ ጥግ ይጠለላል። ከእነዚህ አምስት ዝርያዎች አንዱም እንዲህ ሊኖር አይችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሰውነቱ ያነሰ እንስሳ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ቺዋዋ በዚያ ብርድ ውጭ ቢያድር ይታመማል። የግቢው ትልቅ ውሻ ደግሞ በክፋት ሳይሆን በጨዋታ ብቻ አንድ ጊዜ ነክሶ ቢያራግፈው ይሰብረዋል።

በሃይማኖትም ይሁን በልማድ ቤተሰቡ «ውሻ ቤት አይገባም» የሚል ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የግቢ ውሻ ያሳድጉ። ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን እንደሆነ ነው። ውሻውን የሚመግበው፣ ሽንት የሚያስወጣው፣ ከወጥ ድስቱ የሚያርቀው ከገዛው ሰው ይልቅ ቤት የሚውለው ሰው ነው። የቤት ሠራተኛዋ ወይም እናትዎ ሳይስማሙ የመጣ ውሻ ለሁሉም ፈተና ይሆናል።

መጠናቸው

በአሜሪካ ኬኔል ክለብ መስፈርት ቺዋዋ ከ2.7 ኪሎ አይበልጥም፤ ዮርኪና ማልቲዝ እስከ 3.2 ኪሎ፣ ፖሜራኒያን ከ1.4 እስከ 3.2፣ ሺ ትዙ ከ4 እስከ 7.3 ኪሎ ይመዝናሉ። ይህ ለውድድር መድረክ የወጣ ልክ ነው። ቤት ውስጥ የሚያድግ ዮርኪ 4 ወይም 5 ኪሎ ቢደርስ፣ ጎድን አጥንቱ ሲዳሰስ እስከተገኘ ድረስ ምንም ችግር የለበትም።

«ቲካፕ» ወይም «የሲኒ ውሻ» የሚባል ዝርያ የለም። ሻጭ ይህን ቃል ሲጠቀም ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ከመጠን በላይ ያነሱ ውሾችን እርስ በርስ አዳቅሏል፣ ወይ ቡችላውን ከዕድሜው በታች አድርጎ እየሸጠ ነው። አዋቂ ሆኖ ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች የሚቀር ውሻ ስኳሩ በቶሎ ይወርዳል፣ አጥንቱ በቀላሉ ይሰበራል፣ ማደንዘዣም ይከብደዋል። ዋጋው ግን ከሌላው ይበልጣል።

ፀጉር፦ ትልቁ ልዩነት

አጭር ፀጉር ላለው ቺዋዋ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ደቂቃ በጎማ ብሩሽ ማበጠር ይበቃዋል። ረጅም ፀጉር ያለው ቺዋዋም ከጆሮው ጀርባና ከጭኑ ኋላ በሳምንት ሁለቴ ከተበጠረ አይቋጠርም። ፖሜራኒያን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ማልቲዝ፣ ዮርኪና ሺ ትዙ ፀጉራቸው እንዲረዝም ከተተወ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳሉ። ሦስት ቀን ከተዘለለ በአራተኛው ቀን ብብታቸው ሥር ቋጠሮ ይገኛል።

ለእነዚህ ለሦስቱ መፍትሔው ማሳጠር ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አንዴ ፀጉራቸው ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከተቆረጠ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ማበጠር ይበቃል። በፎቶ ላይ መሬት የሚጠርገው ረጅም ፀጉር የመድረክ ውሻ ነው፤ በአስፋልትና በጭቃ መካከል የሚኖር ውሻ አያስፈልገውም።

ፖሜራኒያን ላይ ግን ይህ አይሠራም። ድርብ ፀጉር አለው፦ ከላይ ሸካራና ረጅም፣ ከሥር እንደ ባዘቶ የለሰለሰና ጥቅጥቅ ያለ። በማሽን እስከ ቆዳው ከተላጨ ፀጉሩ ለወራት ላይመለስ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ተበጣጥሶ ሊቀር ይችላል። «ሙቀት ነው፣ ይቅለለው» ተብሎ መላጨቱ የተለመደ ስህተት ነው። ሙቀቱን የሚያቀልለት የሞተውን የሥር ፀጉር አበጥሮ ማውጣት ነው። ከዚህ ሌላ በዚህ ዝርያ ላይ የሚታይ አሎፔሺያ ኤክስ የተባለ የፀጉር መመለጥ አለ፤ ፀጉሩ ከጭኑና ከጀርባው ይረግፋል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ግን አያሳክከውም። ሲገዙ የወላጆቹን ጭንና ጀርባ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አበጣጠሩ ዘዴ አለው። ውሻውን በጎኑ ያስተኙት። በአንድ እጅ ፀጉሩን ወደ ላይ ገልጠው ይያዙና ቆዳው እንደ ቀጭን መስመር እስኪታይ ይክፈሉት። ከታች ያለውን ረድፍ ከሥሩ ወደ ጫፉ ይቦርሹ፣ ከዚያ ጣት የሚያህል ሌላ ረድፍ ከላይ ያውርዱ፤ እንዲህ እያሉ እስከ ጀርባው ይድረሱ። መጨረሻ ላይ የብረት ማበጠሪያ ያስገቡ። ማበጠሪያው የቆመበት ቦታ ቋጠሮ አለ። ከላይ ከላይ ብቻ የተቦረሸ ውሻ የተበጠረ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ፀጉሩ ተጣብቆ እንደ ዝተት ሆኗል፣ ቆዳውም አየር አያገኝም። ቶሎ የሚቋጠሩት ቦታዎች የጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ የደረት ማሰሪያው የሚያርፍበት እና ጭን መካከል ናቸው።

ቋጠሮ ሳይፈታ ማጠብ ሌላው ስህተት ነው። ውሃ ሲነካው ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ከመቀስ በቀር የሚያወጣው አይኖርም። መቀስ ካስፈለገ መጀመሪያ ማበጠሪያውን በቆዳውና በቋጠሮው መካከል ያስገቡ፣ ከማበጠሪያው በላይ ይቁረጡ። ቋጠሮ ሲጎተት ቆዳውን አብሮ ስለሚያነሳ በባዶው የሚቆርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሥጋ ይነካል።

ገላቸውን በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ፣ በውሻ ሻምፖ ማጠብ ይበቃል። የሰው ሻምፖ ለሰው ቆዳ አሲድነት የተሠራ ስለሆነ የውሻን ቆዳ ያደርቃል። አዲስ አበባ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ አጥበው፣ ለብ ባለ የፀጉር ማድረቂያ እስከ ሥሩ ያድርቁ።

የማልቲዝ ነጭነት የራሱ ጣጣ አለው። ከዓይኑ ሥር የሚወርደው ቀይ ቡናማ መስመር እንባው ውስጥ ካለው ፖርፊሪን ከተባለ ንጥረ ነገር የመጣ ነው። ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ በቀን ሁለቴ ጠርገው ያድርቁት፤ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ፀጉር ያሳጥሩ። መስመሩ በአንድ ዓይን ብቻ ወይም ድንገት ከመጣ መንስኤው የተደፈነ የእንባ ቱቦ ወይም የዓይን ጭረት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። እንባ ያጠፋሉ ተብለው ከሚሸጡት ዱቄቶች አንዳንዶቹ አንቲባዮቲክ ያለባቸው ስለሆኑ ባይሰጡት ይመረጣል።

ሻጮች «ፀጉሩ አይረግፍም፣ አለርጂ የለውም» ይላሉ። ማልቲዝ፣ ዮርኪና ሺ ትዙ ፀጉራቸው በእርግጥ ብዙ አይረግፍም። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ግን በምራቅ፣ በቆዳ ቅርፊትና በሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ደግሞ ሁሉም ውሻ ላይ አለ። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከመግዛታችሁ በፊት ከዚያው ዝርያ ጋር ብዙ ሰዓት ያሳልፍ።

የሚታመሙበት ቦታ

ጥርስ የአምስቱም ችግር ነው፤ የባሰው ግን ዮርኪ ላይ ነው። ትልቅ ውሻም ትንሽ ውሻም 42 ቋሚ ጥርስ ነው ያላቸው፤ የዮርኪ መንጋጋ ግን ለዚያ አይበቃም። የወተት ጥርሶች እስከ ሰባተኛው ወር ወድቀው ማለቅ አለባቸው። የላይኛውን ከንፈር ገልጠው ሲያዩ ሁለት ክራንቻ ጎን ለጎን ቆመው ከተገኙ የወተቱ አልወደቀም ማለት ነው፤ በመካከላቸው ምግብ ይገባል፣ ድዱ ይቆስላል፣ አዲሱም ጥርስ ይጣመማል። ሐኪም በማደንዘዣ ይነቅለዋል፤ ከማምከኛው ቀዶ ሕክምና ጋር አብሮ ቢደረግ ውሻው አንድ ጊዜ ብቻ ይደነዝዛል። በየቀኑ በውሻ የጥርስ ሳሙና ይቦርሹለት፤ ውሻ ስለማይተፋ የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም።

የአየር ቧንቧ መላላት በዮርኪ፣ በፖሜራኒያንና በቺዋዋ ላይ ይበዛል። ቧንቧውን ክፍት አድርገው የሚይዙት ቀለበቶች ይላላሉ፤ ውሻው ሲደሰት ወይም ሲጎተት ደረቅ፣ የሚያንቋርር ሳል ይይዘዋል። ለዚህ የአንገት ማሰሪያ ለመታወቂያ ብቻ ይሁን፤ መጎተቻው በደረት ማሰሪያ ላይ ይታሰር። ውፍረት ያባብሰዋል፤ ጭስም እንዲሁ። ቡና ሲፈላ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ረከቦቱ አጠገብ የሚተኛ ዮርኪ ሲያስል ካዩ ሌላ ምክንያት ከመፈለግዎ በፊት ሌላ ክፍል ያስገቡት።

የጉልበት ሎሚ ከቦታው መንሸራተት ደግሞ የአምስቱም የጋራ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ እየሮጠ ሳለ አንድ የኋላ እግሩን ሁለት ሦስት እርምጃ አንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ከዚያ እንዳልነበረ ሆኖ ይቀጥላል። ሐኪሞች ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጡታል፤ አንደኛና ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ክብደት በመቀነስና ዝላይ በመከልከል ይያዛል፣ ሦስተኛና አራተኛው ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ቤት ውስጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን የፊት እግር ስብራት ነው። ከሶፋ መዝለል ወይም ከሕፃን እጅ ማምለጥ የፊት እግሩን ከእጅ አንጓው በላይ ለመስበር ይበቃል። ትናንሽ ዝርያዎች ላይ በዚያ ቦታ የደም ዝውውሩ ቀጭን ስለሆነ በጄሶ ብቻ የታሰረ ስብራት ሳይጋጠም ይቀራል፤ ብረት የሚያስገባ ሐኪም ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በሁሉም ከተማ አይገኝም። ሶፋው ሥር መወጣጫ ያድርጉ፣ ሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ሕፃናት ውሻውን መሬት ተቀምጠው ብቻ ይቀፉት።

ቺዋዋ ላይ ብቻ በብዛት የሚታይ ነገር አለ፤ እርግብግቢቱ እንደ አራስ ልጅ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ጭንቅላቱን ከመመታት መጠበቅ ግን ግድ ነው። ግንባሩ ከመጠን በላይ ካበጠ፣ ዓይኖቹ ወደ ውጭና ወደ ታች ካፈነገጡ፣ ሲሄድም ከዞረ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ዮርኪና ማልቲዝ ላይ ደግሞ ደም ጉበትን ሳያልፍ የሚሄድበት የተፈጥሮ ጉድለት ይታያል፦ ቡችላው አያድግም፣ ከበላ በኋላ ይፈዛል፣ ይንገዳገዳል። ከምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ በሚወሰድ የደም ምርመራ ይታወቃል።

የሺ ትዙ ደካማ ቦታ ዓይኑ ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ዓይኑ ወደ ውጭ የወጣ ስለሆነ የሣር ጫፍ ወይም የራሱ ፀጉር ይቧጭረዋል። ዓይኑን ካጨናቆረ ወይም ነጣ ያለ ነጥብ ከታየበት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ በሁለት ቀን ሊበሳ ይችላል። ማጅራቱን ጨምድዶ ማንሳት ፈጽሞ አይደረግም፤ ዓይኑ ከጉድጓዱ ሊወጣ ይችላል።

ሙቀትና ብርድ

ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ለሚኖሩ ወገኖች ሺ ትዙና ፖሜራኒያን ከዝርዝሩ መጨረሻ ቢቀመጡ ይሻላል። ሺ ትዙ አፍንጫው አጭር ስለሆነ በማለክለክ ራሱን ማቀዝቀዝ ይከብደዋል፤ ፖሜራኒያን በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ከነበሩ ትልልቅ የብርድ አገር ውሾች የመጣ ነው፣ ካባውም የዚያ አገር ነው። በበጋ ፀሐይ ሳትወጣ ያንሸራሽሩ። የእጅዎን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻሉ መዳፉን ያቃጥለዋል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ነው፤ 41 ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። በረዶ ሳይሆን ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱበት፣ ማራገቢያ እያበሩለት መጀመሪያ ያቀዝቅዙት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ብርድ ባለበት፣ ስቶክሆልምም ይሁን ሚኒሶታ፣ የሚቸገረው ቺዋዋ ነው፤ ፀጉሩ ያጠረ ማልቲዝና ዮርኪም ሹራብ ይፈልጋሉ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፋቸውን ስለሚሰነጥቅ ሲገቡ እግራቸውን ማጠብ ነው።

ጠባይና ምርጫችን

ዮርኪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ የጨርቅ ፋብሪካዎች አይጥ ሲይዝ የኖረ ውሻ ነው። ሪባን ቢታሰርለትም ጠባዩ አልተለወጠም፦ ያሳድዳል፣ ይቆፍራል፣ ከእሱ አሥር እጥፍ የሚመዝን ውሻ ላይ ይጮኻል። ፖሜራኒያን ንቁና ቶሎ ተማሪ ነው፣ ግን ከአምስቱ ብዙ ይጮኻል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከጎረቤት ጋር የሚያጣላው እሱ ነው። ቺዋዋ አንድ ሰው ይመርጣል፣ ሌላውን ይጠራጠራል፤ ሲፈራ ይነክሳል። ማልቲዝ ለሁሉም ገር ነው፣ ብቻውን መዋል ግን አይችልም። ሺ ትዙ ከሁሉ የረጋው፣ አጥንቱም ጠንከር ያለው ነው።

ስለዚህ ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ላለበት ቤት፣ ከአምስቱ አንዱ የግድ ከሆነ ሺ ትዙ ይሁን፤ ፀጉሩ ተቆርጦ። ጡረታ ለወጡና ቤት ለሚውሉ አዛውንት ማልቲዝ ይስማማል። ለማበጠር ጊዜ የሌለው፣ ልጅም የሌለው ሰው አጭር ፀጉር ያለውን ቺዋዋ ይያዝ። በእግር መሄድ የሚወድ ሰው ዮርኪ ያስደስተዋል። ፖሜራኒያን ማበጠር ለማይሰለቸውና ቀዝቀዝ ያለ አገር ለሚኖር ነው። በቀን አሥር ሰዓት ባዶ የሚውል ቤት ግን አንዳቸውንም አይያዝ።

ሽንት ማስለመድ በአምስቱም ላይ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ፊኛቸው ትንሽ ነው። የሦስት ወር ቡችላ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በላይ አይችልም። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ በልቶ ሲጨርስና ከጨዋታ በኋላ ወዲያው ወደዚያው ቦታ ይውሰዱት፤ ሲሸና እዚያው ይሸልሙት። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ መፈግፈግ ተደብቆ መሽናትን ብቻ ያስተምረዋል።

ምግብ

ቤት ውስጥ ለሚውል አዋቂ ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ለ2 ኪሎ ውሻ 165 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ለ3 ኪሎ 225፣ ለ5 ኪሎ 330 ነው። በመቶ ግራም 360 ኪሎ ካሎሪ ባለው ደረቅ ምግብ ሲሰላ 45፣ 60 እና 90 ግራም ይሆናል፤ ለሁለት ጊዜ ተከፍሎ። በኩባያ ሳይሆን በኩሽና ሚዛን ይለኩ። በ3 ኪሎ ውሻ ላይ ግማሽ ኪሎ መጨመር 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አሥር ኪሎ እንደ መጨመሩ ነው።

በጾም ወራት ቤቱ ሽሮና ምስር ሲበላ ውሻውም ሳይጠየቅ ይጾማል። እንጀራ በሽሮ የውሻን የፕሮቲንና የካልሲየም ፍላጎት አያሟላም። ደረቅ ምግብ ካልተገኘ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አጥንቱ የወጣለት ዶሮ ከሩዝ ጋር፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት፣ ለጥቂት ቀናት ያሻግረዋል፤ ለዘለቄታው ግን ሐኪም ያመጣጠነው መሆን አለበት።

የወጥ ነገር ከበርበሬው ይልቅ ሽንኩርቱ ነው የሚያስፈራው። በአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 ግራም ጀምሮ ቀይ የደም ሕዋሱን ሊያፈርስ ይችላል፤ ለ3 ኪሎ ውሻ 45 ግራም፣ ማለትም የመካከለኛ ሽንኩርት ግማሽ ገደማ ነው። መብሰሉ አያድነውም። ዶሮ ወጥ ደግሞ ብዙ ሽንኩርት ተንተክትኮ ያለቀበት ምግብ ነው። ምልክቱ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ይመጣል፦ ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ እና የቡና አተላም መርዝ ናቸው። አተላውን ውሻው በሚደርስበት አበባ ሥር አይድፉ።

ከአራት ወር በታች ያለ ቡችላ በቀን አራት ጊዜ ይበላ። አንድ ሁለቱን ከዘለለ የደም ስኳሩ ይወርዳል፦ ይፈዛል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል። ማር ወይም የስኳር ውሃ በጣትዎ ድዱ ላይ ይቀቡ፣ በጨርቅ ያሙቁት፣ ሲነቃ ያብሉት፣ ከዚያ ሐኪም ይየው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይፍሰስ፣ ወደ ሳንባው ይገባል።

ሲገዙ

ቡችላ ከእናቱ ከስምንት ሳምንት በፊት አይለይም፤ ለእነዚህ ትናንሾች ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ይመረጣል። መንገድ ዳር በካርቶን ከቀረበ እናቱን ማየት አይቻልም፤ ሳይታይ ባይገዛ ነው። ሲመርጡ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች ይመልከቱ (ሺ ትዙ ላይ የተጣበቡ ከሆኑ ዕድሜ ልኩን መተንፈስ ይከብደዋል)፣ እርግብግቢቱን በጣትዎ ጫፍ በቀስታ ይዳስሱ፣ ወለሉ ላይ ለቀው አረማመዱን ይዩ፣ ድዱ ሮዝ መሆኑን ያረጋግጡ። የዮርኪ ቡችላ ጥቁር ሆኖ ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ነው የሚወለደው፤ ብርማው ሰማያዊ ቀለም የሚመጣው ሲያድግ ነው። በሁለት ወሩ ብርማ የሆነ «ንጹሕ ዮርኪ» ካሳዩዎት ይጠይቁ። ነጭ የሆነ ሁሉም ማልቲዝ አይደለም፤ ከፑድል የተዳቀለ ብዙ አለ። ውሻነቱ አይጎድልም፣ ዋጋው ግን የማልቲዝ መሆን የለበትም። የፖሜራኒያን ቡችላ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ወር ፀጉሩ ሳስቶ ሲያስጠላ አይደንግጡ፤ አዋቂ ፀጉሩ እየመጣ ነው።

ክትባት፣ ትልና ጉዞ

ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጀመርና በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። እስከዚያ የመንገድ ውሾች በሚውሉበት መሬት ላይ አይልቀቁት፤ ሰውና የመኪና ድምፅ እንዲለምድ ግን በእቅፍ ያውጡት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያ በዓመቱ ይደገማል። በሽታው በኢትዮጵያ ስላለ «ከቤት አይወጣም» የሚለው ምክንያት አይሆንም። የውጭ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው።

የትል መድኃኒት በ2፣ 4፣ 6 እና 8 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በየወሩ፣ በኋላም በየሦስት ወሩ ይሰጣል። የበግ ጥሬ ሳንባና ጉበት አይስጡት፤ በውሻው አንጀት የሚያድገው የኮሶ ትል ዓይነት እንቁላሉ ወደ ሰው ሲገባ ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ እጢ ይሠራል። ለከብት የተሠራ አይቨርሜክቲን የተባለ የትልና የተባይ መድኃኒት ለትንሽ ውሻ በግምት መስጠት ደግሞ ገዳይ ነው። አንድ ፐርሰንት የሆነው መርፌ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ለ2 ኪሎ ውሻ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሆናል፣ ይህም የመርዝ መጠን ነው።

ውሻውን ይዘው ወደ ውጭ ለመሄድ ካሰቡ ወረቀቱን ከወራት በፊት ይጀምሩ። ከነሐሴ 2024 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀበር መለያ) ያለው መሆንና የመግቢያ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት። ኢትዮጵያ በእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች እዚህ የተከተበ ውሻ በተጨማሪ የመንግሥት ሐኪም ያረጋገጠው የክትባት ቅጽ ያስፈልገዋል፤ በተፈቀደ የእንስሳት መቀበያም ቀጠሮ ሊያዝለት ይገባል። ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ ውጤት ከሌለው 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያጠብቃል፦ መጀመሪያ ቺፕ፣ ከዚያ ክትባት፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደም ይወሰዳል፣ ውጤቱ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት፣ ደሙ ከተወሰደ ሦስት ወር ሳይሞላ አይገባም። ቺፑ ከክትባቱ በኋላ ከተቀበረ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ውሻን በአውሮፕላኑ የተሳፋሪ ክፍል ይዞ መጓዝን የሚፈቅዱ ብዙ አየር መንገዶች ከነቦርሳው 8 ኪሎ ገደማ ጣሪያ ያደርጋሉ። ቺዋዋ፣ ዮርኪ፣ ማልቲዝና ፖሜራኒያን በቀላሉ ያልፋሉ። 7 ኪሎ የደረሰ ሺ ትዙ ግን ቦርሳው ሲጨመር ያልፈዋል፤ አፍንጫቸው አጭር የሆኑ ውሾችን በዕቃ ክፍል የማይቀበሉ አየር መንገዶችም ስላሉ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ውሻውን ከነቦርሳው ይመዝኑ።